ሳሎኑ የታለ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት አሻሽጣለሁ። ደላላ ነኝ ማለት ነው፤ ስሙን አላፍርበትም። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ የእትዬን ቤት ያህል ያደከመኝ ግን የለም።

ቤቱ መሀሉ ክብ ነው። መጀመሪያ መንዝ ውስጥ እንደሚሠራው ያለ የድንጋይ ቤት ነበር። ከዚያ ሟቹ ባለቤታቸው ልጅ በተወለደ ቁጥር በዙሪያው አንድ አንድ ክፍል ቀጠሉበት። የተቀጠሉት ደግሞ አራት ማዕዘን ናቸው። ክቡና ቀጥ ያለው ግድግዳ በተገናኙበት ሁሉ ከመጥረጊያ በቀር ምንም የማይቆምበት ሹል ጥግ ቀርቷል።

ገዢ ሲመጣ በበረንዳው ይገባል። መኝታ ቤት ነው። ቀጥሎ ያለውን በር ይከፍታል፣ ሌላ መኝታ ቤት። ሦስተኛውን ሲከፍት ሽንት ቤት። አንዱ ግራ ገብቶት "ሳሎኑ የታለ?" ሲል እትዬ ኮስተር ብለው "አልፈኸው መጣህ እኮ!" አሉት። ሰውየው ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣና መላ አመጣ። ሳሎን የሚባለውን መሀለኛውን ክብ ክፍል በጂብሰም ቦርድ አራት ማዕዘን እናድርገው አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ያ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከቤቱ ሞቃቱ ክፍል እሱ ነው። ቦርዱ ክፍሉን ያጠበዋል፤ ከኋላው እርጥበት ቢይዝ ደግሞ የሚያየው የለም። "የምትሸጠውን ነገር ልትሸፍነው ነው እንዴ?" አልኩት።

በእኔ ግምት ገዢን ያባረረው የግድግዳው ክብነት አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ የት እንዳለ ሲጠፋው ነው ልቡ የሚሸሸው።

ክቡ ክፍል በግቢው በኩል የራሱ የድሮ በር ነበረው፤ ቁም ሳጥን ተገትሮበት ተረስቷል። ቁም ሳጥኑን አነሳን፤ መግቢያውም በዚያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገዢ መሀሉ ላይ ቆሞ የሌሎቹን ክፍሎች በሮች በዙሪያው ያያል። የጠቆረውን የአቡጀዲ ኮርኒስ ገፈን ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቀየርን።

የገብስ ጆንያዎቹን ስናወጣ ደግሞ ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር የጭቃ መደብ ወጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"መደቡ ነዋ! አማቴ ናት የመረገችው። ሶፋ ሲመጣ ጊዜ ማን ይቀመጥበታል?"

ሶፋው ከክቡ ግድግዳ ጋር አልገጥም ብሎ ከኋላው ድመት የምታድርበት ክፍተት ነበረው። አወጣነው። መደቡ እንደገና ተመረገ። እትዬ ከሳጥናቸው የመንዝ ባና አውጥተው አለበሱት። ስንት ብር የወጣበት ሶፋ ያላደረገውን አንድ ባና አደረገው።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁሉንም ክፍል አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ቀለም ቀባን።

ትልቁ ሥራ ወረቀቱ ነበር። ቤቱን በሜትር ለክቼ በደብተር ወረቀት ላይ ሣልኩት፤ የትኛው በር ወዴት እንደሚወስድ ጭምር። ከካርታውና ከጸደቀው ፕላን ጋር ሳስተያየው መጨረሻ የተቀጠለው ማድ ቤት የለም። ልጁ "ዝም በል፣ ማን ያየዋል?" አለኝ። እንዲህ እየተቀጣጠለ ባደገ ቤት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ስም ይዛወር ሲባል መሐንዲስ መጥቶ ይለካል፤ ያኔ ጭቅጭቁ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ ወረቀቱን ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ሰጠሁ። የወራሽነት ማስረጃውንም ከፍርድ ቤት ቀድመን አወጣን፤ ባልየው በሞቱበት ቤት ላይ የእትዬ ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

የገዙት ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየው መደቡ ላይ ቁጭ አለች፤ አልተነሳችም። ባልየው ሜትሩን ይዞ አልጋቸው የት እንደሚገባ ሲለካ ቆየና ቀይዋ ክብ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ማድ ቤቱን ከዋጋው ቀንሱልኝ አለ። ልጅየው አጉረመረመ፣ እትዬ ግን ቀነሱለት። ባናውን አብረው ይተዉልን ሲላቸው ብቻ አሻፈረኝ አሉ።

የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ ፊት ዋጋ የለውምና ማድ ቤቱ በፕላኑ ላይ እንደሌለ ውሉ ላይ በግልጽ ሰፈረ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረሙ። ልጅየው የኮሚሽኔን 2 በመቶ ሲቆጥርልኝ አሁንም እያጉረመረመ ነበር።