ሁለት ጋሪ፣ ሦስት ሞላ

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቤት ሥራዎች ተሰጡን። የመካኒክሱ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ እያንዳንዳቸው 0.5 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ጋሪዎች ሰበቃ በሌለው ሐዲድ ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ከግራው ግድግዳ፣ ሁለተኛው ከቀኙ ግድግዳ፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው በሞላ ተያይዘዋል፤ የሦስቱም ሞላዎች ኮንስታንት (የጥንካሬያቸው ልክ) 8 ኒውተን በሜትር ነው፤ ጋሪዎቹ በምን ፍሪኩዌንሲ ይወዛወዛሉ? የሊኒየር አልጀብራው ደግሞ የአንድ ሁለት በሁለት ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) አይገንቬክተርና አይገንቫልዩ፣ ማለትም በማትሪክሱ ሲባዛ የራሱ ብዜት ሆኖ የሚወጣውን ቬክተርና ያን የማባዣ ቁጥር፣ እንድናገኝ የሚጠይቅ ነበር። ሁለቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ያስተዋልሁት የመካኒክሱን ተሳስቼ ከሠራሁ በኋላ ስለሆነ፣ ከስሕተቱ እጀምራለሁ።

ለእያንዳንዱ ጋሪ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ጽፈን በጋሪው መጠነ ቁስ ስናካፍል አራት ቁጥሮች ያሉት ማትሪክስ እናገኛለን። ከላይ ግራና ከታች ቀኝ 32 እና 32 ይቀመጣሉ፤ እነዚህ እያንዳንዱ ጋሪ ከቦታው ሲንቀሳቀስ በግራና በቀኙ ያሉት ሞላዎች የሚመልሱበትን መጠን ያሳያሉ። የቀሩት ሁለቱ ቁጥሮች የአንዱ ጋሪ መንቀሳቀስ በመካከለኛው ሞላ በኩል ሌላውን ምን ያህል እንደሚነካው ይናገራሉ። እኔ አንዱን ኔጋቲቭ 16፣ ሌላውን ፖዘቲቭ 16 ብዬ ጻፍሁ። የፍሪኩዌንሲዎቹ ካሬ የሆኑትን አይገንቫልዩዎች ለማግኘት ዲተርሚናንቱን (ከማትሪክስ ቁጥሮች የሚሰላ አንድ ቁጥር) ዜሮ አድርጌ ስፈታ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ማለትም የኔጋቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር ያለባቸው፣ መጡ። የስሌት ስሕተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ኮምፕሌክስ ፍሪኩዌንሲ ለጋሪዎቹ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳይገፋቸው ውዝዋዜያቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል፣ ኢነርጂ ከምንም ይፈጠራል ማለት ነው። ከሦስት ተራ ሞላዎች እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ ስለማይችል ስሕተቱ ከአልጀብራው በፊት፣ ኃይሎቹን በጻፍሁበት መሥመር ላይ መሆን ነበረበት። መካከለኛው ሞላ ሁለቱን ጋሪዎች በእኩል መጠን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚገፋቸው፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይህንን ያዛል፤ በመሆኑም ሁለቱም ቁጥሮች ኔጋቲቭ 16 ናቸው። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ሆነ፣ ማለትም በሰያፉ ግራና ቀኝ ያሉት ቁጥሮች እኩል ሆኑ ማለት ነው። የሲሜትሪክ ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች ሁልጊዜ ሪል (ኮምፕሌክስ ያልሆኑ) ቁጥሮች መሆናቸውን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በ1829 አረጋግጧል፤ እኔም ይህን ቲዎረም በክፍል ውስጥ ገልብጬው ነበር፣ ነገር ግን ከግድግዳና ከሞላ ጋር ጉዳይ ያለው አልመሰለኝም ነበር። (ጋሪዎቹ እኩል ባይሆኑ ኖሮ በመጠነ ቁስ ማካፈሉ ሲሜትሪውን ያፈርሰው ነበር፤ አይገንቫልዩዎቹ ግን ያኔም ሪል ሆነው ይቀራሉ።)

የተስተካከለው ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች 16 እና 48 ናቸው፤ ዳግም ዘራቸው ፍሪኩዌንሲዎቹን፣ 4 እና በግምት 6.93 ራዲያን በሰከንድ፣ ይሰጣል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ አይገንቬክተሮቹ ናቸው። የመጀመሪያው (1፣ 1) ነው፦ ሁለቱ ጋሪዎች እኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ መካከለኛው ሞላ አይለጠጥም አይታመቅም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ጋሪ ከራሱ ግድግዳ ጋር ብቻውን እንደተያያዘ ይወዛወዛል፤ 8 ለ0.5 ሲካፈል 16 ነው። ሁለተኛው (1፣ ኔጋቲቭ 1) ነው፦ ጋሪዎቹ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፣ የመካከለኛው ሞላ እምብርት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሞላው ለሁለት የተቆረጠ ያህል ነው፤ ግማሽ ሞላ ደግሞ ኮንስታንቱ እጥፍ ስለሚሆን 16 እና የግድግዳው 8 ተደምረው 24፣ በ0.5 ሲካፈል 48 ይሆናል። ያለ ዲተርሚናንት ያው መልስ መጣ። «አይገን» በጀርመንኛ «የራስ» ማለት ነው፤ ቃሉ ትርጉም የሰጠኝ እነዚህን ሁለት እንቅስቃሴዎች ካየሁ በኋላ ነው።

የጥያቄው የመጨረሻ ክፍል አንደኛውን ጋሪ ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ስበን ብንለቀው የሚሆነውን ይጠይቃል። (10፣ 0) የ(5፣ 5) እና የ(5፣ ኔጋቲቭ 5) ድምር ስለሆነ፣ የተዘበራረቀ የሚመስለው እንቅስቃሴ ሁለቱ ውዝዋዜዎች እኩል ተደምረው ነው፤ ሌላ የሚሠራ ነገር አልቀረውም።

በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ ሦስተኛ ጋሪና አራተኛ ሞላ ጨመርሁ። ማትሪክሱን ከመጻፌ በፊት፣ ከሦስቱ እንቅስቃሴዎች በአንዱ የመካከለኛው ጋሪ ጸጥ ብሎ ሁለቱ ዳርዳሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ መወዛወዝ አለባቸው ብዬ ገመትሁ። እንዲያ ከሆነ እያንዳንዱ የዳር ጋሪ በሁለት ሞላ መካከል እንዳለ ብቸኛ ጋሪ ይሆናልና አይገንቫልዩው 32 መሆን አለበት። ከዚያ ሦስት በሦስቱን ማትሪክስ ጻፍሁና በ(1፣ 0፣ ኔጋቲቭ 1) አባዛሁት፤ ውጤቱ (32፣ 0፣ ኔጋቲቭ 32) ሆኖ ወጣ።