ስም የለሹን የኪስ ሰዓት ሠሪ ፍለጋ

ሁለት ዓመት ሙሉ ሠሪው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ያስቀመጥሁት ጌጠኛ የኪስ ሰዓት ባለፈው ሳምንት ምስጢሩን ስላወጣልኝ፣ የሄድሁበትን መንገድ ከነስሕተቴ ለእናንተ ለሰብሳቢ ወዳጆቼ ላካፍል ወደድሁ።

መሰብሰብ የጀመርሁት ደሴ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ የቆመ ሰዓት በመግዛት ሲሆን፣ ዛሬ ዘጠኝ ደርሰውልኛል። የመጀመሪያውን የብር ክዳን እናቶቻችን ጌጣቸውን እንደሚያጸዱት በአመድና በሎሚ ፈተግሁት፤ እድፍ መስሎኝ ያስለቀቅሁት ጥቁር ነገር ኒዬሎ የሚባል፣ ከብር፣ ከመዳብ፣ ከእርሳስና ከድኝ ተቀልጦ በተቀረጸው ብር ውስጥ የሚሞላ ጌጥ መሆኑን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብር መፈተግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጌጡን ብቻ ሳይሆን የብሩን ጥራት የሚናገረውን ማኅተምም ይበላልና።

አሁን የምነግራችሁን ሰዓት የገዛሁት ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው። ሻጩ አዛውንት «ልጄ፣ አባቴ ከሐጅ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው» አሉኝ። ነጭ የኢናሜል ፊቱ ላይ ቁጥሮቹ በዐረብኛ አኃዝ ተጽፈዋል፤ ክዳኑ በሐረግ ቅርጽ ተሸልሟል፤ ስም ግን የትም የለበትም። እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ለኦቶማን ገበያ በብዛት ይሠሩ ነበር። በዚያ አገር በቀድሞው አቆጣጠር ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ስለሚባል ባለቤቱ ሰዓቱን በየዕለቱ ማስተካከል ነበረበት፤ እኛም ማታ 12 ስለምንል፣ ይህ ሰዓት ወሎ ሲገባ ባዕድ የሆነ አይመስለኝም።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው አሥር እጥፍ የሚያጎላው ሉፕ ነው። በእርሱ የኋላውን ክዳን ውስጥ ስመረምር 0.800 የሚል ቁጥር (ከሺህ እጅ 800ው ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው) እና ቆቅ የመሰለች ትንሽ ወፍ አገኘሁ። በስዊዘርላንድ የ1880 (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት ወፏ የ0.800 ብር፣ ድብ ደግሞ የ0.875 ብር ምልክት ስለሆኑ አገሩ ታወቀ፤ ሠሪው ግን አልታወቀም። ብዙዎቻችን ስም የምንፈልገው ከሰዓቱ ፊት ላይ ነው፤ እኔ ይህን ዘዴ አላምንበትም። ፊቱ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሻጩ ነጋዴ ስም ነው፤ የስዊዝ ሰዓት ክፍሎች በየመንደሩ ተሠርተው ሌላ ቦታ ይገጣጠሙ ስለነበር፣ አስተማማኙ ምስክር ከፊቱ ሥር የተደበቀው ብረት ነው።

ያንን ብረት ለማየት ፊቱን ማንሳት ግድ ይላል። ፊቱ ከጀርባው ባሉት የመዳብ እግሮች ወደ ሞተሩ ገብቶ ከጎን በትናንሽ ቪቴዎች ይያዛል። ሁለቱን በካቻቪቴ አላልቼ ፊቱ እንቢ ሲለኝ፣ ሦስተኛ እግር መኖሩን ሳላጣራ በቀጭን ስለት ፈነቀልሁት። ጭረት የምታህል ድምፅ ሰማሁ፤ ከ4 ቁጥር ተነሥቶ እስከ ትንሿ የሰከንድ ክብ የሚደርስ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጣ። ኢናሜል በመዳብ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ስለሆነ መዳቡ በትንሹ ሲጎብጥ ይሰነጠቃል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም። መቶ ዓመት ያህል የቆየን ነገር በአንድ ደቂቃ ችኮላ ማበላሸቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እባካችሁ እግሮቹን ሳትቆጥሩ ስለት አታስጠጉ፤ እጃችሁ ገና ካልረጋ ደግሞ ለባለሙያ ስጡት።

ሦስተኛውን ቪቴ አላልቼ ፊቱን ሳነሣው፣ ብረቱ ላይ ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት ታትሞ አየሁ። የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ድርጅት የሎንጂን ምልክት ነው። ድርጅቱን በ1832 ሴንት ኢሚየር ውስጥ የመሠረተው ኦገስት አጋሲ ሲሆን፣ የእኅቱ ልጅ ኧርነስት ፍራንሲዮን በ1867 ፋብሪካውን ገንብቶ በየቤቱ ተበታትኖ የነበረውን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበው። ክንፋሙ የአሸዋ ሰዓት በ1889 በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧል።

ድርጅቱ የቆዩ የሰዓት መዝገቦቹን ስለሚጠብቅ፣ ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከፎቶግራፍ ጋር ልኬ ምላሹን እየጠበቅሁ ነው። ዓመቱና መጀመሪያ የተላከበት ከተማ ሲነገረኝ፣ ባቲ ድረስ ሄጄ ለአዛውንቱ እነግራቸዋለሁ።