የተርነርን ሥዕል ከግጥሙ ነጥላችሁ አትጻፉበት

ቦስተን ኮሌጅ ገብታችሁ «ስለ ሮማንቲክ ዘመን የመልክዓ ምድር ሥዕል ፔፐር ጻፉ» ከተባላችሁ ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥዕል መምረጡ ቀላል ነበር። የእንግሊዛዊው ተርነር «የባሪያ መርከብ» እዚሁ ከተማ የሥነ ጥበባት ሙዚየም ውስጥ ስላለ ሄጄ አየሁት። ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የምትጠልቀው ፀሐይ ግን ባሕሩን ደም አስመስላዋለች።

መከራው የመጣው ረቂቄን ካስገባሁ በኋላ ነው። አማካሪዬ «ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለሙ ጻፍ፤ ግጥሙንና የባሪያ ንግዱን ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አስገባቸው» ብለው መለሱልኝ። የኮርሱ መመሪያም መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ እዩ፣ ጽሑፉ ይቆይ ይላል። እስካሁን ያናድደኛል።

ሠዓሊው ራሱ መቼ ነጣጠላቸው? እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ውስጥ በሮያል አካዳሚ (የሠዓሊዎች ማኅበር) ዐውደ ርእይ ሲያሳየው የራሱን ስንኞች ካታሎጉ ላይ አብሮ አሳትሟል። ማዕበሉ ሳይደርስ የሞተውንም የሚያጣጥረውንም ጣሉ፣ ሰንሰለቱ አያሳስባችሁ ይላል፤ መጨረሻ ላይ አታላይዋን ተስፋ ገበያሽ አሁን የት አለ ብሎ ይጠይቃታል። የገበያው ነገር ደግሞ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1781 ዞንግ የተባለችው መርከብ ሠራተኞች ከ120 በላይ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ባለቤቶቹም በነፍስ ወከፍ 30 ፓውንድ ካሣ ከኢንሹራንስ ጠየቁ። በሕመም ለሞተ አይከፈልም ነበር፤ መርከቧን ለማዳን ተጣለ ለተባለ «ጭነት» ግን ይከፈላል። ይህን ሳያውቅ የሥዕሉን ቀኝ ግርጌ የሚያይ ሰው፣ ሰንሰለት የታሰረበትን እግርና የከበቡትን ዓሦች እንደ ጌጥ ያልፋቸዋል። ከተርነር መቶ ዓመት ገደማ በፊት ገጣሚው ጄምስ ቶምሰን የባሪያ መርከብ ተከትሎ የሚዋኝ ሻርክ በግጥሙ ጽፎ ነበር፤ ተርነር ደግሞ የቶምሰን አንባቢ ነው።

አማካሪዬ የሰጡኝ ምክር አዲስ እንዳልሆነ ያወቅሁት የሥነ ጥበብ ሐያሲውን ጆን ረስኪንን ሳነብ ነው። ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1843 የዚህን ሥዕል ባሕር በረጅሙ አወድሶ፣ መርከቧ ባሪያ ጫኝ መሆኗን ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያስገባው! በዓመቱ አባቱ ሥዕሉን ገዝተው ሰጡት፤ በኋላ ግን ሸጠው።

እኔ ፔፐሩን በግጥሙ ጀመርኩት፣ ዞንግን መሐል አደረግሁ፣ ቀለሙን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ማርክ ተቀነሰብኝ፤ አንድ አንቀጽ ግን አላወጣሁም። ደግሜ ብጽፈውም እንደዚያው ነው የማደርገው።

እናንተ ወደ ሙዚየሙ ከመሄዳችሁ በፊት ግጥሙን አንብቡ፤ መመሪያው ያለውን ይበል። የሌላውን እንግሊዛዊ ሠዓሊ የኮንስታብልን «የድርቆሽ ጋሪ» የምትመርጡም «ስለ ደመናው ጻፉ» መባላችሁ አይቀርም። ሥዕሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ገጠር ለሕዝብ በታየ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1822፣ የዚያው አካባቢ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽን እየሰበሩ ነበር። አማካሪ መቀየር የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ቀይሩ።