የመጀመሪያው ምርቃት

ሐሙስ ማታ፣ ፍልሰታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ ከብዶኝ ዋለ። ዝናቡም አላገዘኝም። ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ብዢ ተባዢ፤ ማኅፀንሽ ይባረክ» አሉኝ። የእኔን ነገር የምታውቁ ይህ ቃል የት ቦታ እንደሚነካኝ ታውቃላችሁ። አሜን ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ሄድኩ። እርሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ካላቸው ሁሉ ትልቁን ነገር ነው የሰጡኝ።

ከአራዳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስወርድ ቃሉ አብሮኝ ወረደ። ብዙ ተባዙ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየሰርጉ ሰምቼዋለሁ፤ ሽማግሌ ተነሥቶ ሙሽሮቹን ሲመርቅ ከዚህ ውጭ አያውቅም። ሁልጊዜም ከአዳምና ከሔዋን ጋር አያይዤው ኖሬያለሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ድንገት ቆምኩ። ይህ ቃል መጀመሪያ የተነገረው ለሰው አይደለም እኮ! የተነገረው በሐሙስ፣ በአምስተኛው የፍጥረት ቀን ነው፤ ሰው ገና አልተፈጠረም።

ቤት ገብቼ ዘፍጥረትን ገለጥኩ። ብርሃን ተፈጠረ፣ መልካም ተባለ፣ አልተባረከም። ዛፉና ሣሩ በቀሉ፣ መልካም ተባሉ፣ አልተባረኩም። ፀሐይና ጨረቃም እንዲሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ውኃይቱ ሕያው ነፍስ ያላቸውን ፍጥረታት ስታስገኝ፣ ታላላቆቹ አንበሪዎች ሲፈጠሩ፣ ወፎች ከሰማይ ጠፈር በታች ሲበሩ ነው እግዚአብሔር ለመጀመሪያ ጊዜ የመረቀው፦ «ብዙ ተባዙም የባሕርንም ውኃ ሙሉአት፤ ወፎችም በምድር ላይ ይብዙ»። በማግሥቱ የተፈጠሩት የምድር አራዊትና እንስሳት እንኳ እንዲህ ያለ ቃል አልተጻፈላቸውም። ከዓሣና ከወፍ ቀጥሎ ይህን ምርቃት የሰማነው እኛ ነን። ሽማግሌዎቻችን በሰርግ ቤት የሚያወርሱን ቃል አስቀድሞ በውኃ ውስጥ የተሰማ ቃል ነው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ በትክክል ለመናገር ያስቸግረኛል።

መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የበለጠ ይላል። ከ22ቱ ሥነ ፍጥረት 3ቱን ለሐሙስ ሰጥቶ፣ የጥልቁ ታላላቅ አውሬዎች በእጁ ከተፈጠሩት ሥጋ ለባሾች የመጀመሪያዎቹ ናቸው ይላል። ሥጋ መልበስ ከእነርሱ ጀመረ ማለት ነው። በልጅነታችን «በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ» እያልን በቃል ስናጠናው ዜማው እንጂ ነገሩ አልገባንም ነበር። ዕዝራ ሱቱኤል በተባለው መጽሐፍ ላይም ውኃ የተሰበሰበበት ስፍራ ዓሣውንም ወፉንም እንዲያወጣ እንደታዘዘ ተጽፏል። ሁለቱ የአንድ ማኅፀን ልጆች ናቸው፤ አንዱ እናቱ ዘንድ ቀረ፣ ሌላው ወደ ላይ ወጣ። የካቴድራሉ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየመታቸው የሚያርፉትን እርግቦች ከእንግዲህ የውኃ ልጆች እንደሆኑ ሳላስብ የማልፋቸው አይመስለኝም።

ርኩስና ንጹሕ የሚባለው ክፍፍልም ያን ጊዜ አልነበረም። ኦሪት ዘሌዋውያን አትብሉት ብሎ የለየው ጥንብ አንሳ እንኳ ከዋኖስ እኩል በሐሙስ ተመርቋል። ቄራ አካባቢ ሰማዩን የሚዞረው፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ያ ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። በየአገሩ የተመረዘ ሥጋ እየበላ ይሞታል፤ በአንዳንድ ቦታም ለመድኃኒት እየተባለ ይገደላል። ይብዙ ተብሎ የተመረቀ ፍጥረት ነው። እኛ የጣልነውን የሚያነሣ፣ በሽታን ከደጃችን የሚያርቅ ፍጥረት!

መንገድ ላይ በአንድ ዓሣ ቤት በር አልፌ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። ሰውየው ቆሮሶ እያጸዳ ነበር፤ የአንዷን ሆድ ሲቀድ እንቁላሏ ተዘረገፈ፣ ቢጫ፣ ብዙ። ያን ጊዜ ልብ ሳልለው አለፍኩ፤ አሁን ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ውስጥ ነው። ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ሳምንትና ከዚያም በላይ ምግብ የሚባል ነገር እምብዛም አትቀምስም። አደጋ ሲመጣም ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ስለ እመቤታችን ብለን ስንጾም፣ ዝዋይና ጫሞ ውስጥ ደግሞ ስለ ልጆቿ የምትጾም አለች። ምርቃቱን በአፏ ይዛ ነው የምትጾመው።

ጣና ደግሞ ሌላ ነው። «እንደ ወገኑ» የሚለውን የዘፍጥረት ቃል በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ወደ ጣና ይሂድ። ላቤኦባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ብቻ እዚያ ሐይቅ ውስጥ 15 ዓይነት አለው፤ አንዱ አፉ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ፣ አንዱ ዓሣ አዳኝ፣ ሌላው ጭቃ ጫሪ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ ልክ በዚህ ወራት፣ ሐይቁን ትተው እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ማንም አያዝዛቸውም፤ በሐሙስ የተነገረው ቃል ነው የሚያዝዛቸው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። መረቡ ደግሞ የሚዘረጋው በወንዞቹ አፍ ላይ፣ እንቁላላቸውን ይዘው በሚያልፉበት ሰዓት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ለመባዛት የሚጓዙበት መንገድ መጥፊያቸው ሆነ። ይህ የሚያሳዝነኝን ያህል የሚያሳዝነኝ ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የዚህ ከተማ ወንዞች ሁሉ፣ ቀበናውም ግንፍሌውም ባንትይቀጡም፣ ወርደው ወርደው ከአቃቂ ጋር አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል። ዛሬ ከድልድዩ ቁልቁል ያየሁት ውኃ ጥቁር ነበር። ዳርቻው በየቦታው እየጸዳና እየተተከለ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ውኃውን ሙሉአት የተባለው ለዓሦቹ ነበር፤ እኛ በፍሳሽና በፕላስቲክ ቀድመን ሞላነው።

የጥፋት ውኃን እንኳ አሰብኩ። ኖኅ ወፎችን ወደ መርከቡ አስገባ፤ ዓሣ ግን አላስገባም። የሞተው በየብስ የነበረው ነው። ሰው ሁሉ ሲቀጣ፣ ተራራ ሁሉ ሲሰጥም፣ የዓሣ ምርቃት አልተነካም፤ ይልቁንም ቤታቸው ሰፋ። በቁጣው ቀን እንኳ እግዚአብሔር ያላነሣውን ምርቃት ማን ያነሣዋል?

እርግጥ ነው፣ በስድስተኛው ቀን እኛም የባሕርን ዓሦችና የሰማይን ወፎች ግዙአቸው ተብለናል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ለምግብ የተሰጠን ዘር የሚሰጥ ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋቸውን እንድንበላ የተፈቀደልን ከኖኅ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተሰጠን መግዛት ያለ መብላት ነበር፤ እኛ በጾም ለጥቂት ቀን የምንመለሰው ወደዚያ ማዕድ ይመስለኛል። የተመረቀን ፍጥረት እንዲገዛ የተሾመ ሰው፣ ምርቃቱ እንዲፈጸም ከመጠበቅ የሚበልጥ ምን ሥራ አለው?

እንዲህ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ አልቻልኩም። ጉማራ አፍ ላይ መረቡን የሚጥለው ሰውም ልጆች አሉት። የሚያበላቸው ከዚያው ውኃ ነው፤ እርሱም በሰርጉ ቀን ብዙ ተባዙ ተብሎ ተመርቋል። ዓሣዋ እንቁላሏን ይዛ ሽቅብ ስትመጣ እርሱም ለልጆቹ ራት ሊይዝ ይወርዳል። ሁለቱ ምርቃቶች አንድ ወንዝ አፍ ላይ ሲገናኙ፣ የትኛው ለየትኛው መንገድ ይልቀቅ?