የዓርቡ ምስር

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲሄድ መንገዱ ቢርቅባቸውም ሽንኩርታቸውን ለሌላ ሰው አያስገዙም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥተው ይገዛሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ወደ እኛ። እንጀራውን ባለቤታቸው ናቸው ቤት የሚያስጋግሩት። ከሰዓት በኋላ ከኔ ጎን ያለችው ጠረጴዛ የልጆቹ ናት፤ የቤት ሥራቸውን እዚያ ይሠራሉ። እኔም ሳላስበው የማባዛት ሰንጠረዥ ከለስኩ።

ቀኑ ዓርብ ነው። ምግብ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ጾም ገበያ የሚገድል ይመስለዋል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ አለ። የእኛን ቤት ኪራይ የሚከፍለው በየዓይነቱ ነበር ማለት ይቻላል። የማይጾም ደንበኛም ስላለ ግን ቀይ ወጡ ከምስሩ ጎን ይንተከተካል። እንዳይምታታ የጾሙ ጭልፋ እጀታ ላይ ክር ታስሮበታል።

6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ጋሼ ማድ ቤት ገብተው የምስሩን ድስት ከፈቱ። የሁለቱም ቁሌት ቀይ ስለሆነ ዓይን አይለየውም፤ አፍንጫ ነው የሚያውቀው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ይሄ ምስር ቅቤ ቅቤ ይላል።»

ረዳቷ ልጅ የያዘችውን ጭልፋ አየች። ክር የለውም።

ወጥ ሠሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ በጭልፋ ጫፍ የገባች ናት። ማን ያውቃል?» አለች። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ያልኩት ያንኑ ነው። ዛሬም ምግብ ቤት ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሼም ቢሆኑ ወዲያው አልቆረጡም። ግንባራቸውን ጠርገው ወደኔ መጡና ስንት በየዓይነቱ እንደወጣ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ሲያሰላ ይታየኛል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ሳምንት ነበር። ደረሰኙም ሌላ ጣጣ ነው፤ እኛ ቤት ትዕዛዝ ሲመጣ ነው የሚቆረጠው፣ ማሽኑ አንዴ ከመታ ደግሞ መሰረዝ የለም።

«ብሩን መልስላቸው። 15 ፐርሰንቷን ቫት እኔ ላይ ጻፋት» ብለው ወደ ጠረጴዛዎቹ ሄዱ።

በየጠረጴዛው እየዞሩ፣ ጎንበስ እያሉ ነው የነገሩት። አንዱ ሰውዬ የሚባለውን ሁሉ ብሎ ወጣ። አንድ ጎረምሳ «እኔ እንኳ አልጾምም፤ ልጨርሰው?» አለ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሰው ዝም አሉ። ቆይተው «አሁን ለንስሐ አባቴ ምን ልበል?» አሉ።

«የባለቤቱ ጥፋት ነው ይበሏቸው እናቴ። ከፈለጉ እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«አንተ ደግሞ!» አሉ ሴትዮዋ። ሳቃቸው መጣ። «ሽሮ የለህም?»

ሽሮው በሌላ ምድጃ ላይ ስለነበር ተርፏል። ረዳቷ ግን ማጠቢያው ጋ ቆማ ታለቅሳለች። ዛሬ ሻንጣዋን ትይዛለች ብለን ነበር። ጋሼ በአጠገቧ ሲያልፉ «አልቅሰሽ ስትጨርሺ ሽሮ ጨምሪ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» ብቻ አሏት።

ማታ ባለቤታቸው ልጆቹን ሊወስዱ መጡ። ታሪኩን እስከመጨረሻው አዳመጡ። ስለ ብሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ድስቱስ?»

«አሳጥቤዋለሁ።»

«ታጥቦ ለጾም? አይሆንም!»

በማግስቱ ጋሼ ከመርካቶ አዲስ ድስት ተሸክመው መጡ። አሮጌው ለቀይ ወጥ ተመደበ፤ የጾሙ ምድጃም ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ዞረ። ረዳቷ አሁን እዚያው ቤት ዋና ወጥ ሠሪ ሆናለች። ጭልፋ ስታቀብሏት መጀመሪያ እጀታውን ነው የምታየው።