ዙሪያው 210 ሜትር የሆነ ማሳ ስንት ጥማድ ይወጣዋል?

አጎቴ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ካለው ቤቱ ጀርባ ያለችውን ማሳ አጥሮ ስንዴ ሊዘራባት አሰበ። ሽቦውና የባህር ዛፍ ቋሚው ስንት እንደሚበቃ፣ ዘሩስ ምን ያህል እንደሚሆን አስልተህ ንገረኝ አለኝ። ሒሳቡ ከስምንተኛ ክፍል አይዘልም ብዬ ከደብረ ብርሃን ወረድኩ። እውነትም አይዘልም። ግን ደብተር ላይ ያለው ቅርጽና የጅሩ አገር መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ ያለው ቅርጽ ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ በፊት ጥያቄዎቹን መለየት ነበረብን። ሽቦ የዙሪያ ጉዳይ ነው፣ ዘር ደግሞ የስፋት። ሰው ሁለቱን ያምታታል። «ዙሪያው እኩል ስለሆነ መሬቱም እኩል ነው» የሚል ክርክር ሽማግሌ ፊት ሳይቀር ይነሳል። ለአጎቴ እንዲህ አልኩት፦ ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቀጭን መሬት ዙሪያው 210 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ግን 500 ካሬ ብቻ። አራቱም ጎኑ 52.5 ሜትር የሆነ መሬትም ዙሪያው ያው 210 ነው፤ ስፋቱ ግን 2,756 ካሬ ይሆናል። ሽቦው እኩል ይፈጃል፣ እህሉ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል።

ለመለኪያ ቤት ውስጥ የነበረው ናይለን ገመድ ነበር። ተውነው፤ ሲወጠር ይለጠጣል። የቃጫ ገመድ አምጥተን በሜትር እየለካን በየአምስት ሜትሩ ቋጠርንበት። ማዕዘኖቹ ላይ ችካል ተከልን። በዙሪያው ስንዞር ጎኖቹ 52፣ 56፣ 39 እና 63 ሜትር ሆነው ተገኙ። ሲደመሩ 210።

አጎቴ ወዲያው ስፋቱን በራሱ መንገድ አሰላው። «የፊትና የኋላውን ደምረህ ለሁለት አካፍል፤ የግራና የቀኙንም እንደዚያው፤ ከዚያ አባዛው።» አገሬው እንዲህ ነው የሚለካው። የጥንት ግብፆችም በዚሁ ዘዴ መሬት ይለኩ ነበር፤ ኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ስሌት ይመሰክራል። በዚህ መንገድ የአጎቴ ማሳ 45.5 በ59.5፣ ማለትም 2,707 ካሬ ወጣው።

ችግሩ ዘዴው ልክ የሚሆነው አራቱም ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ ከሆነ ብቻ ነው። አለበለዚያ ሁልጊዜ ያበዛል፤ አንድም ጊዜ አያሳንስም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አራት እንጨት ጫፍና ጫፉን በአንዳንድ ምስማር ምታና ግፋው፤ ይንጋደዳል። የጎኖቹ ርዝመት አልተነካም፣ በመሃል ያለው ቦታ ግን ይጠባል። ስለዚህ አራት ጎን ብቻውን ስፋትን አይናገርም። አምስተኛ ልኬት ያስፈልጋል፤ እሱም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሻገረው ሰያፍ ነው።

ማሳውን ሰንጥቀን በሰያፉ ለካን፤ 60 ሜትር። አሁን አንዱ ማሳ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሦስት ጎኑ ከታወቀ አይንጋደድም። «መሠረት ሲባዛ ከፍታ ለሁለት» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ማሳ ላይ ከፍታን ቀጥ አድርጎ መለካት አድካሚ ነው። የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ የእስክንድርያው ሄሮን ያስቀመጠው መንገድ ከዚህ ያድናል። ሦስቱን ጎን ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ። ከዚያ ግማሽ ድምር ላይ እያንዳንዱን ጎን ትቀንሳለህ። ግማሽ ድምሩንና ሦስቱን ቀሪ አባዝተህ ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

የመጀመሪያው 52፣ 56፣ 60 ነው። ግማሽ ድምሩ 84፣ ቀሪዎቹ 32፣ 28፣ 24፤ ስፋቱ 1,344 ካሬ። ሁለተኛው 39፣ 63፣ 60፤ ግማሽ ድምሩ 81፣ ስፋቱ 1,134 ካሬ። አንድ ላይ 2,478።

«ታዲያ ሁለት መቶ ምናምን ካሬ መሬቴ የት ገባ?» አለ አጎቴ።

«አልጠፋም ጋሼ፣ መጀመሪያም አልነበረም።»

ደስ አላለውም። ጥማድ አብዛኛውን ጊዜ የሄክታር ሩብ፣ 2,500 ካሬ ተደርጎ ይቆጠራል። በእሱ ስሌት ማሳው ከጥማድ አልፎ ነበር፤ በሰያፉ ስሌት ጥማድም አልሞላም። ለዘሩ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በሄክታር 150 ኪሎ ብንል 37 ኪሎ ግድም በቂ ነው፣ በእሱ ልክ ቢሆን 41 ይጠጋ ነበር። መሬት በጥማድ ሒሳብ ሲከራይ ወይም አጫጅ በጥማድ ሲቀጠር ግን ልዩነቱ ብር ነው።

አጥሩ ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። ቋሚ በየ2.5 ሜትሩ ይቁም ተባለ። 210ን ለ2.5 ስታካፍል 84 ይመጣል። ግን ማዕዘን ላይ የግድ ቋሚ አለ፣ ስለዚህ ጎን በጎን ማስላትና ወደ ላይ መሙላት ይሻላል፦ 21፣ 23፣ 16፣ 26። ድምሩ 86 ነው። ባለ ሦስት መስመር እሾሃማ ሽቦ ደግሞ 630 ሜትር፣ የሚጠመጠመውን ሳይጨምር።

እግረ መንገዴን አሮጌውን ክብ የድንጋይ ቤት ለካሁ፤ ወለሉን ሲሚንቶ ሊያስለብሰው ይፈልጋል። መሃሉ ላይ ምሰሶ ስላለ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ መወጠር አይመችም። በውጭ በኩል ዙሪያውን ጠመጠምኩት፤ 22 ሜትር። ለ3.14 ሲካፈል ዳያሜትሩ 7 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። ግድግዳው 60 ሳንቲ ይወፍራል፣ ያውም በሁለቱም በኩል። የውስጡ ዳያሜትር 5.8፣ ራዲየሱ 2.9 ነው። 2.9 በ2.9 በ3.14፣ ወለሉ 26.4 ካሬ። በውጩ ልክ ቢሰላ 38.5 ይሆን ነበር፤ ለድንጋዩ ግድግዳ ሁሉ ሲሚንቶ መግዛት ማለት ነው።

እነዋሪ ሜዳ ስለሆነ ቀሎናል። ጣርማ በር ወይም አንኮበር ዳገት ላይ ብትሆኑ ገመዱን መሬት ላይ አታንጥፉት። በየ100 ሜትሩ 30 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ የተነጠፈ ገመድ 104 ሜትር ያሳያችኋል። አጠር አጠር አድርጋችሁ አግድም ወጥሩት፣ ከፍ ካለው ጫፍ ድንጋይ የታሰረበት ክር አውርዱና ክሩ ያረፈበት ላይ ችካል ትከሉ።