የሼክስፒር ስንኝ ዳንስ የሆነበት ፊልም

በደሴ ከኪነት ወዳጆች ጋር ስለ ሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች በተጨዋወትን ቁጥር የሚነሣው ቅሬታ ታሪኩ መሄድ ሲጀምር ዘፈንና ዳንስ ያቋርጡታል የሚል ነው። ቅሬታው ለብዙዎቹ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ለወጣው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ግን አይሠራም፤ ከዚያ ፊልም ዳንሱን ብናወጣው ታሪኩም አብሮ ይወጣልና።

የፊልሙ መነሻ ሼክስፒር በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የጻፈው፣ ከበደ ሚካኤልም ወደ አማርኛ የመለሱት የሮሜዎና ዡልየት ታሪክ ነው። የቬሮና ባላንጣ ቤተሰቦች የኒውዮርክ ወጣት ቡድኖች፣ ማለትም ነጮቹ ጄትስና ከፖርቶሪኮ የመጡት ሻርክስ ሆነዋል፤ ፍቅረኞቹ የሚነጋገሩበት ሰገነትም ከሕንፃ ውጭ በተንጠለጠለ የብረት ደረጃ ተተክቷል። ሼክስፒር የጠቡን መንሥኤ አይነግረንም። ክርስቲያንና እስላም ተጋብቶ፣ ተዋልዶ በሚኖርበት በወሎ ላደገ ሰው ምክንያት የሌለው ጥላቻ አልዋጥ ስለሚል፣ ፊልሙ ዘርንና የሰፈር ይዞታን በምክንያትነት ማቅረቡ ታሪኩን ይበልጥ ያስጨብጠዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ከሮበርት ዋይዝ ጋር ፊልሙን የመራውና ዳንሱን የቀመረው ጀሮም ሮቢንስ በኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ለዓመታት የሠራ የባሌት ሰው በመሆኑ፣ ሼክስፒር በስንኝ የተናገረውን እርሱ በአካል ተናገረው። በቴአትሩ ሮሜዎና ዡልየት መጀመሪያ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ቃል ተገጣጥሞ ሶኔት የሚባል አንድ ባለ 14 ስንኝ ግጥም ይሆናል፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል። በፊልሙ ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች በማምቦ ዳንስ ሲፎካከሩ የፊልሙ ሮሜዎና ዡልየት የሆኑት ቶኒና ማሪያ ከአዳራሹ ሁለት ጫፍ ይተያያሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ሰው ይደበዝዛል፤ ሙዚቃው ወደ ለስላሳ ቻቻ ይለወጣል፤ ከዚያም አንዱ የሌላውን እርምጃ እየመለሰ ቀስ ብለው ይቀራረባሉ። በሠርግ ጭፈራ መካከል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በትከሻ ሲጠያየቁና ሲመላለሱ ያየ የአገሬ ሰው ይህን ትዕይንት አስተርጓሚ ሳይሻ ይረዳዋል።

መክፈቻውም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ጣታቸውን እያጮሁ በመንገድ ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ክንዱን ይዘረጋል፣ ሌላው ይከተላል፤ እርምጃው የት ላይ ዳንስ እንደሆነ ለመለየት ደጋግሜ ብሞክርም ድንበሩን አላገኘሁትም። ለብዙ ደቂቃዎች ንግግር የለም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም ማን ማንን እንደሚጠላ አውቀን እንጨርሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውና «ዘ ቴሚንግ ኦቭ ዘ ሽሩ» ከተሰኘው የሼክስፒር ኮሜዲ የተቀዳው «ኪስ ሚ ኬት» የኮል ፖርተር ዜማዎችና ወጣቱ ቦብ ፎሲ የሚታይበት ድንቅ ዳንስ አሉት፤ ደስ ብሎኝም አየዋለሁ። ነገር ግን ዳንሱ ለዓይን የቀረበ ግብዣ እንጂ ታሪኩን የሚገፋ ኃይል አይደለም።

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በአንድ ቦታ ከምንጩም የጠነከረ ይመስለኛል። በሼክስፒር ዘንድ ለሮሜዎ የተላከው ደብዳቤ ሳይደርስ የሚቀረው መልእክተኛው መነኩሴ በወረርሽኝ ጥርጣሬ ቤት ስለተዘጋበት ነው፤ ድንገተኛ አጋጣሚ ነው። በፊልሙ የማሪያን መልእክት ይዛ የመጣችው የማሪያ ወንድም ፍቅረኛ አኒታ ጄትሶች ሲያዋርዷትና ሲያንገላቷት በንዴት ማሪያ ተገድላለች ብላ ትዋሻለች። እንግዲህ ቶኒን ወደ ሞት የነዳው አጋጣሚ ሳይሆን ያው ጥላቻ ነው። ያንን ጥቃትም ሮቢንስ በዳንስ ስልት ስለቀመረው፣ ቀድሞ ያስደሰተን እንቅስቃሴ እዚህ ያስፈራናል።

ዡልየት በመቃብር ስትሞት ማሪያ ግን በሕይወት ትቀራለች፤ ሽጉጡን ይዛ ሁለቱንም ወገን ትወቅሳለች። የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ለዚህ ንግግር ዜማ ለመድረስ ሞክሮ ስላልሆነለት ቃሉ ያለ ዜማ ቀረ። ለእኔ ይህ የሥራው ጉድለት አይደለም፤ ያን ሁሉ ሰዓት በዳንስና በዘፈን ሲነጋገሩ ከቆዩ በኋላ፣ የማሪያ ደረቅ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ማንም ሊያመልጠው አይችልም።